ዘበኛው መንግሥት

እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2022 የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክነሴት፣ በ92 ለ 0 ድምፅ ራሱን በበተነበት ዕለት ለምሽቱ የአማርኛ ዜና ተረኛው እኔ ነበርሁ። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር ናፍታሊ ቤኔት ሥልጣናቸውን ለያኢር ላፒድ ያስረክባሉ፤ ላፒድም እስከ ኖቬምበር 1ዱ ምርጫ፣ ከዚያም አልፎ አዲስ መንግሥት ቃለ መሐላ እስኪፈጽም ድረስ ይቆያሉ። ምርጫው ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አምስተኛው ስለነበር አብዛኛውን ዜና ከአሮጌ ስክሪፕት ገልብጬ ስሙንና ቀኑን ብቻ ብቀይር የሚያውቅብኝ አልነበረም። ያስቸገረኝ አንድ ቃል ነው።

ዕብራይስጡ «ሜምሼሌት ማዕቫር» ይላል። ባለፉት ዙሮች ኔታንያሁ ከወንበራቸው ስላልተነሡ «ነባሩ መንግሥት» እያልን አልፈነው ነበር፤ አሁን ግን ሰው ተለውጧል፣ ስም ያስፈልገዋል። እኔ «ባለአደራ መንግሥት» ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ ስክሪፕቱን አይተው ማዕቫር መሻገሪያ ስለሆነ «የሽግግር መንግሥት» መባል አለበት አሉ። ይህ ቃል ለእኛ አድማጭ የ1983 ዓ.ም. ነገር ያለበት መሆኑን ባስረዳቸው፣ «ዜና ትርጉም እንጂ ትዝታ አይደለም» ብለው በቀይ እስክሪብቶ አረሙት። ይህችን አባባል በየስብሰባው ስለሚደጋግሟት ቃል በቃል አስታውሳታለሁ። ለአየር አሥር ደቂቃ ሲቀር ደግሞ ክርክር የሚረታው አለቃ ስለሆነ እንደታረመው አነበብሁት።

ገና ከስቱዲዮ ሳልወጣ ስልክ ተደወለ። የአንዲት አሮጊት እናት ድምፅ ነው፤ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ልጄ፣ ማን ገባ?» አሉኝ።

ወደ ክነሴት ማለታቸው መስሎኝ ክነሴት መበተኑን፣ ማንም እንዳልገባና የሚገባው ሰው ከምርጫው በኋላ እንደሚታወቅ አስረዳኋቸው። «እሱን አይደለም፤ ከተማውን ማን ያዘው ነው የምልህ» አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። እኒህ ሴት የመጡት ቤተ እስራኤላውያንን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ባመጣው በዘመቻ ሰለሞን ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ከወጡ በኋላ ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ለአንድ ሳምንት ብቻ በተጠባባቂነት በቆዩባት፣ ታንኩ ወደ አዲስ አበባ በሚገሰግስባት በዚያች ሳምንት፣ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ሲወጣ እርሳቸውም ከነልጆቻቸው አብረው ወጥተዋል። «የሽግግር መንግሥት» የሚለውን ስም የሰሙት እዚህ ከደረሱ በኋላ፣ ጦር ከተማ ገብቶ ካበቃ ወዲያ ነው። ስለዚህ የሽግግር መንግሥት ካለ አስቀድሞ የገባ አለ ማለት ነው። በአመክንዮው ላይ እንከን ላገኝበት አልቻልሁም።

«እማማ፣ እዚህ እንዲያ አይደለም» አልኋቸው። «ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ቤት የሚጠብቅ ዘበኛ በሉት። መብራት ያበራል፣ ግቢ ይጠርጋል፣ ሌባ ቢመጣ ይከላከላል፤ ግድግዳ ግን አያፈርስም፣ ዕቃም አይሸጥም።» በራሴ ምሳሌ ደስ ብሎኝ ነበር። በሕግም ቢሆን እውነቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ መንግሥት አልባ ጊዜ እንዳይኖር ተሰናባቹ ሥራውን ይቀጥላል፣ የሕግ ሰዎች ደግሞ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር በከፍተኛ ሹመትና በትልልቅ ውሳኔ ቁጥብ እንዲሆን ያሳስቡታል።

«አውሮፕላኑስ?» ብለው ጠየቁኝ። ጎንደር የሚጠባበቅ ወንድም አላቸው። 3,000 ሰው እንዲመጣ የተወሰነው በ2021 ኖቬምበር ነው፣ የመጀመሪያው አውሮፕላንም በዚያው በጁን ወር መጀመሪያ ገብቶ ነበር። ቀድሞ የተወሰነውን ዘበኛው አይሽረውም አልኋቸው። መርቀውኝ ስልኩን ዘጉ።

በማግስቱ ነገሩን ለአለቃዬ ስነግራቸው አንዳችም ሳይናገሩ የእኔን ቃል እንድጠቀም ፈቀዱ። ሦስት ቀን «ባለአደራ መንግሥት» እያልን አነበብን። በአራተኛው ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጎልማሳ ደወለና፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ያሸነፈው ወገን ከተማዋን ሳይረከብ ስለቀረ መንግሥት በላይዋ የሾመውን ባለአደራ አስተዳደር እያነሣ፣ «ላፒድን ደግሞ ማን ሾመብን? አደራውንስ የሰጠው ማን ነው?» ብሎ ሞገተኝ። የእርሱን ስልክ ለአለቃዬ አልነገርሁም። ከዚያ ወዲያ ቃሉን ትቼ «እስከ ምርጫው ድረስ የሚሠራው መንግሥት» እያልሁ እጽፍ ጀመር፤ በየዜናው አምስት ቃል ያስወጣኛል፣ አንባቢዎቹም ትንፋሻቸው እያጠረ ያማርሩብኛል።

ኦገስት ላይ በጋዛ የሦስት ቀን ውጊያ ሆነ። ሌባ መከላከል ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ኦክቶበር መጣና ከሊባኖስ ጋር የሚደረገው የባሕር ወሰን ስምምነት ጫፍ ደረሰ፤ ካሪሽ የተባለው የባሕር ጋዝ ለእስራኤል፣ ቃና የተባለው ለሊባኖስ የሚሆንበት፣ አሜሪካዊው አደራዳሪ አሞስ ሆክስታይን ሲያመላልሱት የከረሙት ጉዳይ ነው። ምርጫ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንዲህ ያለ ውል የሚፈርም መንግሥት ሥልጣኑ ከየት የመጣ ነው የሚሉ አቤቱታዎች ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀርበው ኦክቶበር 23 ቀን ውድቅ ሆኑ። ኦክቶበር 27፣ ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ላፒድ በኢየሩሳሌም ፈረሙ። ዜናውን ያነበብሁት እኔ ነኝ።

ድምፃቸውን ወዲያው አወቅሁት። «ልጄ፣ ያ ዘበኛህ ከጎረቤት ጋር ድንበር ተካለለ አልህ?»

ውሉ አስቸኳይ እንደነበረ፣ ድርድሩ ዓመታት እንደፈጀ፣ ፍርድ ቤቱም እንዳልከለከለ በቅደም ተከተል ዘረዘርሁ። በትዕግሥት አዳመጡኝ። «እኛ እንኳ እዚያ አገር ርስት አልነበረንም፤ የሰው መሬት ነው ስናርስ የኖርን» አሉ። «ግን ድንበር የሚያካልል ባለርስቱ እንጂ ዘበኛ እንዳልሆነ እናውቃለን። ወይ ዘበኛ አይደለም፣ ወይ አንተ ዋሽተኸኛል።» ሁለተኛውን እንዳይመርጡ ብዬ የመጀመሪያውን መረጥሁላቸው። ሳቁብኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አለቃዬ አዲስ ለገቡ ጋዜጠኞች ሥልጠና ሲሰጡ፣ ለአድማጭ ቅርብ የሆነ ምሳሌ እንዴት እንደሚፈለግ ለማስረዳት «እኔ ለምሳሌ ዘበኛ የሚለውን ቃል...» ብለው ሲጀምሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁ። ድንበሩ ላይ ሳይደርሱ አቆሙ። ዲሴምበር 29 ቀን አዲሱ የኔታንያሁ መንግሥት ቃለ መሐላ ሲፈጽም ተረኛ አልነበርሁም፤ በማግስቱ መዝገቡን ስከፍት የዜናው ርእስ በእርሳቸው የእጅ ጽሑፍ «የሽግግሩ መንግሥት ተሰናበተ» ይላል።