አርብ፣ የመጨረሻዋ አሥር ደቂቃ

ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ልብ ወለድ ካልሆኑ መጻሕፍት አንዱን ምረጥ ብትሉኝ፣ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ኦቶባዮግራፊ» እመርጣለሁ፤ በ1998 ዓ.ም. የታተመውን። መጀመሪያ ሳነበው ሳላስበው ነጋብኝ። እኔን እንዲህ ከያዘኝ ልጆቹንም ይይዛቸዋል ብዬ ክፍል ይዤው ገባሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ አበላሸሁት። አንድ ምዕራፍ ኮፒ አድርጌ አደልኩና «አሳጥራችሁ ጻፉ፣ ከአሥር ይያዛል» አልኩ። ስልሳ ወረቀት ሰበሰብኩ፤ አብዛኛው አንዱ ከሌላው የገለበጠው ነበር። በጣም አዘንኩ። ጥፋቱ ግን የልጆቹ አልነበረም፤ የምወደውን መጽሐፍ ፈተና አድርጌ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

በዓመቱ ማርኩን ተውኩት። አርብ አርብ የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ ራሴ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ከዓድዋ ነው የተነሳሁት፤ አሥራ ሁለት ዓመት በቅጡ ያልሞላው ልጅ ከዘማቹ ጋር ይዘምታል፣ ከጦርነቱ በኋላ ከሩሲያዊው ሌዎንቲየፍ ጋር ሩሲያ ይሻገራል፣ እዚያው አድጎ የመድፈኛ ትምህርት ተምሮ ይመለሳል፣ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት የሚያረቅቀውም እሱ ነው። ሩሲያ ሲሄድ ላይ ቆም አልኩ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እናቱ አልናፈቀችውም?»

ለዚህ ጥያቄ ስንት ማርክ ይሰጣል? በዚያች ቀን ማንም ለደወሉ አልተነሳም።

ከዚያ ወዲህ ማንበቤን ልጆቹ በሚያመጡት ጥያቄ ነው የምመራው። በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ካርቶን ውስጥ ይጥላሉ። ካርቶኑ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» ብዬ ጻፍኩበት፤ ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ የአንባቢ ጥያቄ ይመልስበት የነበረው አምድ ስም ነው። ጳውሎስ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፣ ግን «አጤ ምኒልክ»ን የመሰለ መጽሐፍ ጽፏል። ይህንን በተለይ ውጤታቸው ዝቅ ላለ ልጆች ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፣ ቀና ሲሉ አያለሁና።

የቃል ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ የግዕዙን መዝገበ ቃላት እከፍታለሁ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፣ ተማሪያቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደክመውበት ሳይታተም አረፉ፣ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት የእሳቸው ተማሪ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። ማስተማር በሰለቸኝ ቀን እነዚህን ሦስት ሰዎች አስባለሁ።

አንድ ነገር ልምከር፤ ሳትወዱት አታንብቡላቸው። ልጆች ወዲያው ያውቁባችኋል።

ያቺ ልጅ «ኦቶባዮግራፊ»ውን ተውሳ ወሰደች። ወር ቆይቼ ስጠይቃት፣ «ቲቸር፣ እናቴ ይዛዋለች። ትንሽ ይቆይልን» አለችኝ።