ከአምሃ ሸክላዎች አንዱ በመጨረሻ ሳይዋዥቅ ተጫወተ

ትናንት ማታ አንድ የአምሃ ሪከርድስ ሸክላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፁ ሳይዋዥቅ አደመጥኩት። ሰባት ወር የታገልኩበት ነገር ስለሆነ ደስታውን ብቻዬን መያዝ አልቻልኩም።

ሥራዬን ለማታውቁ፣ የዚህን ሙዚቃ ቤት ሸክላዎች ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ታሪኩን በደብተር እይዛለሁ። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ሕግ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 ያንን ጥሶ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች ህንድ አሳትሞ ሲያስመጣ ገና ወጣት ነበር። ሀገር ጥሎ እስከወጣበት እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። አንድ ግለሰብ፣ በስድስት ዓመት! ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

ገና ስጀምር አቧራ መጥረግና መርፌ መምረጥ ብዙ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ አንድ ሸክላ ነው። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ድምፃቸውን በያዙ ቁጥር ዜማው ከፍ ዝቅ ይላል። እኔም ደብተሬ ላይ «መሣሪያዎቹ በደንብ አልተቃኙም» ብዬ ጻፍኩ፤ ለሁለት ወዳጆቼም እንደዚያው ነገርኳቸው።

የማጫወቻውን ቀበቶ ቀየርኩ፣ ሞተሩን አስፈተሽኩ፤ ለውጥ የለም። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ በጎን ሳይ መርፌውን የያዘው ክንድ በየዙሩ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዛወዛል። ለካስ የሸክላው ቀዳዳ መሐሉን ስቶ ነው የተበሳው። 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢስት እንኳን በሸክላው ዳር አካባቢ ድምፁን ከላይም ከታችም ከ1 በመቶ በላይ ያዛባዋል። መርፌው ወደ መሐል በቀረበ መጠን ደግሞ ይብሳል፤ የዘፈኑ መጨረሻ ከመጀመሪያው የባሰው ለዚህ ነበር።

ቀጥሎ ያደረግሁትን መናገር ይከብደኛል። ቀዳዳውን በሞረድ ላሰፋ ብዬ ሸክላውን ሰነጠቅሁት። ከነበሩኝ ሁለት ቅጂዎች የተሻለው እሱ ነበር። እባካችሁ ሞረድ አታንሱ።

መፍትሔው ሸክላውን ከዘንጉ፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ ከሚገባው የማጫወቻው እንጨት መሳይ ብረት፣ ጫፍ በላይ ማንሳት ነው። ወፍራም ጎማ በክብ ቆርጬ ደራረብኩና የቀረኝን ቅጂ ከላይ አስቀመጥኩት፤ ዘንጉ ስለማይነካው እንደ ልብ ይገፋል። የክንዱን መቆሚያም በዚያው ልክ ከፍ አደረግሁ፤ ይህን ከረሳችሁ መርፌው ተዛብቶ ያርፋል። ከዚያ ክንዱ ከጥግ እስከ ጥግ ስንት እንደሚወዛወዝ ማየት፣ መርፌውን ማንሳት፣ የዚያን ግማሽ ያህል ሸክላውን መግፋት፣ እንደገና ማጫወት። እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ጎማው መንሸራተት የለበትም፤ የትኛው ጎማ እንደሚሻል ግን ገና አልቆረጥኩም።

በኮምፒውተር ፕሮግራም ማስተካከል ይቻላል የምትሉ አላችሁ። አልስማማም። ፕሮግራሙ የቀዳዳውን መዋዠቅና ዘፋኙ ሆን ብሎ ያንሸራተተውን ድምፅ ሊያምታታ ይችላል፤ ያኔ ሁለቱንም ቀጥ ያደርጋቸዋል። የእኛ ዘፈን ደግሞ ውበቱ ያለው እዚያ መንሸራተቱ ላይ ነው። የሽሽታ ማጥፊያንም (የሸክላውን የ«ሽሽ» ድምፅ የሚያጠፋውን ፕሮግራም) በዚሁ ምክንያት አልወደውም፤ የሳክስፎኑን ትንፋሽ ይበላዋል። መጀመሪያ ሸክላውን እንዳለ ገልብጡና አስቀምጡ። በእርግጥ እኔም የመጀመሪያዎቹን ሃያ ሸክላዎች በሽሽታ ማጥፊያ አሳልፌ ዋናውን ቅጂ ሰርዣለሁ። አሁን እንደ አዲስ እየገለበጥኳቸው ነው።

ትናንት የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አንድ ላይ ገቡ፤ አንድ ላይ ወጡ። ቅኝታቸው እንከን አልነበረውም። ደብተሬን አውጥቼ ያንን መስመር ሰረዝኩ፤ ለሁለቱ ወዳጆቼም ደወልኩላቸው።