ከበርሜል የወጡት ንቦች

ድሬዳዋ ውስጥ በነርስነት በማገለግልበት ፋብሪካ ጓሮ፣ ክዳናቸው ተከፍቶ ከተደረደሩት ባዶ በርሜሎች በአንዱ ውስጥ ንብ መስፈሩን ያወቅነው አንድ የጭነት ሠራተኛ በርሜሉን ሲያንከባልል አንገቱና ክንዱ ላይ ከተነደፈ በኋላ ነበር። ባልደረቦቹ የተነደፈበትን ነጭ ሽንኩርት ሊቀቡት ሲጣደፉ፣ እኔን ያሳሰበኝ ንብ ያልነካው የሰውነቱ ክፍል ነው፤ ሆዱና ጀርባው በሽፍታ ተሸፍኗል፣ ከንፈሩ አብጧል፣ «ሲስተር፣ ጉሮሮዬን አነቀኝ» ሲለኝም ድምፁ ሻክሮ ነበር።

የተነደፈው ቦታ ብቻ ካበጠ፣ በሳሙና ታጥቦ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ሲያዝበት አብዛኛውን ጊዜ ይበርዳል። ሽፍታው መላ ሰውነትን ሲያዳርስና ትንፋሽ ሲያጥር ግን ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ስለሆነ ቀዳሚው መድኃኒት አድሬናሊን ነው፤ የአለርጂ ክኒን ማሳከኩን ቢያስታግስም ይህን አይተካም። 0.5 ሚሊ ግራም በጭኑ ውጫዊ ጎን ጡንቻው ውስጥ ወጋሁት። አንድ ባልደረባው ደግሞ ቆዳው ላይ የቀሩትን መንደፊያዎች በጥፍሩ ጠርጎ አነሳቸው፤ መንደፊያው ከንቡ ተለይቶም መርዝ ማፍሰሱን ስለሚቀጥል፣ በምን ይነቀል ከሚለው ይልቅ ቶሎ መነቀሉ ይበልጣል።

ፎርማኑ በቅንነት ባጃጅ አስጠርቶ ነበር፤ እኔ ግን አልተስማማሁም። እንዲህ ባለ አለርጂ የደም ግፊቱ የወረደ ሰው ድንገት ቀና ቢል ወደ ልቡ የሚመለሰው ደም ስለሚያንስ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። መተኛቱ ትንፋሹን ስላላባሰበት፣ እግሩን ከፍ አድርገን በቃሬዛ በፋብሪካው መኪና ሆስፒታል አደረስነው፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል እዚያው በክትትል ቆየ።

በኋላ፣ በግቢው በር ላይ በተሰቀለው የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ውስጥም አድሬናሊን ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም፣ ከብርሃን ተከልሎ ከ25 ዲግሪ በታች ሊቀመጥ የሚገባው መድኃኒት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኘው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ያውም በድሬ ሙቀት፣ ሊበላሽ ስለሚችል በጥላ ያለው የጥበቃ ክፍል ተመረጠ፤ ክፍሉ እንዳይሞቅና ፈሳሹ ቀለም እንዳይለውጥ የምከታተለው እኔ ነኝ። ንቦቹን አንድ ንብ አርቢ ሲመሻሽ ወደ ቀፎ አዛወራቸው፣ የቀሩት በርሜሎችም በሙሉ ተከደኑ።