ኡቡንቱ ላይ ራሱን የሚቀይር የኢሜይል ፊርማ፦ በነጥብ የሚጀምር ፋይል አትጠቀሙ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለች ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ የኢሜይል ሥራው የኔ ነው። ይህን የምጽፈው ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ፣ ተንደርበርድ በሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ለምትሠሩና ከመልእክታችሁ ሥር ያለው ፊርማ እንደ ቀኑ ራሱ እንዲቀያየር ለምትፈልጉ ነው። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። የፊርማውን ጽሑፍ ስሙ በነጥብ በሚጀምር ፋይል ውስጥ አታስቀምጡ። የቆዩት መመሪያዎች በሙሉ "ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ነጥብ ሲግኔቸር (.signature) የሚባል ፋይል ፍጠሩ" ነው የሚሉት። አትስሟቸው።

ፊርማው መቀያየሩ ለምን አስፈለገ? እንግዶች የሚጠይቁን ሁሌ ያንኑ ነው፣ መልሱ ግን እንደ ወቅቱ ይለያያል። ጢስ ዓባይ ውኃ አለው ወይ? መስከረም ላይ አለው፣ ያውም ሞልቶ። መጋቢት ላይ ግን ሌላ ነው። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚወሰድ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል። ይህን ሳይነገረው መጥቶ አንገቱን ደፍቶ የሚመለስ እንግዳ ማየት ያሳዝናል። ጀልባው በስንት ሰዓት ይነሳል የሚለውም አለ። "ጠዋት 2 ሰዓት" ብለን ስንጽፍለት የውጭ እንግዳው ሌሊት 8 ሰዓት ይመስለዋል። ሴቶች የትኛው ገዳም ይገባሉ? ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይገባሉ፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለወንድ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ፊርማው ላይ በአጭሩ ቢገባ ስንት ምልልስ ይቀራል!

ብዙ ሰው ለዚህ ሥራ ፎርቹን የሚባለውን የድሮ ፕሮግራም ይመክራል። በ% ምልክት የተለያዩ ጥቅሶች ካሉበት ፋይል አንዱን በዕጣ ያወጣላችኋል። ለጓደኛ ደብዳቤ ጥሩ ነው። ለሥራ ግን አልወደውም። ክፍል ሊይዝ የጻፈ ሰው ጥቅስ አይፈልግም፣ የሚፈልገው መረጃ ነው።

የኔ አሠራር ቀላል ነው። አሥራ ሁለት ፋይሎች አሉ፣ ስማቸው ከ01 እስከ 12፣ ለእያንዳንዱ የፈረንጅ ወር አንድ። በዓላት ደግሞ በወሩና በቀኑ ቁጥር የተሰየመ የራሳቸው ፋይል አላቸው። ለእንቁጣጣሽ 0911፣ ለመስቀል 0927፣ ለገና 0107፣ ለጥምቀት 0119። ትንሽ ስክሪፕት (ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ቀኑን ያይና በዚያ ቀን ስም ፋይል ካለ እሱን፣ ከሌለ የወሩን ይወስዳል። ተንደርበርድ የሚያነበው ፋይል ላይ ይገለብጠዋል፣ አለቀ። ተንደርበርድ ውስጥ የአካውንት ሴቲንግ ከፍታችሁ ፊርማውን ከፋይል ውሰድ የምትለዋን ምልክት አድርጉና አድራሻውን ስጡት። ከፊርማው በላይ የምትገባዋን "-- " ራሱ ስለሚያስገባት እናንተ አትጻፏት። ጽሑፉን ከአራት መስመር አታስበልጡት።

እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ኡቡንቱ 22.04 በሚባለው እትም ላይ፣ ፋይሉ መመሪያዎቹ እንደሚሉት በነጥብ የሚጀምር ሆኖ ሳለ፣ ያለ አንዳች ኮሽታ ይሠራ ነበር።

ከዚያ 24.04 መጣ። ማሽኑን አሻሻልኩት፣ ተንደርበርድን ከፈትኩ፣ አዲስ መልእክት አልኩ። ፊርማው የለም። ባዶ ነው። ስህተት ተፈጥሯል የሚል ጽሑፍ የለም፣ ፋይሉን አላገኘሁትም የሚል የለም፣ ዝም ብሎ ባዶ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ዝምታው ነው። አንድ ፕሮግራም የታዘዘውን ፋይል ማንበብ ሲያቅተው መናገር አለበት! እኔ ካላየሁት ያ ሁሉ መልእክት ያለ ስልክ ቁጥርና ያለ አድራሻ ለእንግዳ ይሄዳል ማለት ነው።

ፋይሉን በተርሚናል ከፈትኩት፣ ጽሑፉ ቁጭ ብሏል። የመነበብ ፈቃዱን ለሁሉም ከፈትኩት፣ ለውጥ የለም። ፋይሉን ቴምፕ ወደሚባለው የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር አዛውሬ አድራሻውን ቀየርኩ፣ አሁንም ባዶ። ከሰነዶች ፎልደር ወደ ድሮው ፋይል የሚያመለክት ሲምሊንክ ሠራሁ፣ ያው ነው። ግራ ገብቶኝ አንድ የጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ስክሪኑን እንኳን በደንብ ሳያይ "ፎርማት ይደረግና ዊንዶውስ እንጫንልህ" አለኝ። ዋጋውንም ነገረኝ። ላፕቶፔን ይዤ ወጣሁ። ስለ ፊርማ የጠየቀን ሰው ሙሉ ማሽኑን አጥፋ ማለት ምን የሚሉት ምክር ነው? አገራችን ውስጥ ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው በየጥገና ቤቱ የሚሰማው ይህንኑ ነው፣ ሊቀየር ይገባል።

ነገሩ የተገለጠልኝ የሲስተሙን መዝገብ በጆርናል ሲቲኤል ከፍቼ ሳነብ ነው። አፓርሞር የሚባለው ጠባቂ ተንደርበርድን "ዲናይድ" ብሎ እንደከለከለው ተጽፏል፣ የፋይሉ ስም ጭምር። ምክንያቱ ይሄ ነው። ከ24.04 ጀምሮ ኡቡንቱ ላይ ተንደርበርድ የሚመጣው በስናፕ ነው። በስናፕ የታሸገ ፕሮግራም እንደ ተከራይ ነው፣ ግቢው ውስጥ ይኖራል እንጂ የባለቤቱን ክፍል ሁሉ አይከፍትም። ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ያሉትን ተራ ፋይሎች ያነባል። እዚያው ሆም ላይ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ፋይሎችንና ፎልደሮችን ግን አያነብም። ቴምፕም ቢሆን ለብቻው የተሰጠው የራሱ ቴምፕ አለው፣ እናንተ የምታዩትን አያይም። ሲምሊንኩም ያልሠራው አፓርሞር የሚመለከተው መጨረሻ ላይ የሚደረስበትን እውነተኛ ፋይል ስለሆነ ነው።

ክልከላው ራሱ አያስቀይመኝም። የይለፍ ቁልፎች የሚቀመጡት በእነዚያ ድብቅ ፎልደሮች ውስጥ ስለሆነ መጠበቃቸው ተገቢ ነው። ግን ይህን ያህል ለውጥ አድርጎ በማሻሻያው ጊዜ ለተጠቃሚው አንድ መስመር አለመንገር ግዴለሽነት ነው። መመሪያ ጸሐፊዎቹም የድሮውን ይገለብጣሉ እንጂ አይሞክሩትም።

መፍትሔው ፋይሉን ሰነዶች ውስጥ ወዳለ ነጥብ የሌለው ፎልደር ማዛወር ብቻ ነው። እዚያ አስቀመጥኩት፣ አድራሻውን ቀየርኩ፣ ወዲያው መጣ። አንዳንዶች ስናፑን አውጥታችሁ ሌላ ተንደርበርድ ጫኑ ይላሉ። ለአንድ ፊርማ ሲባል ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። መት (mutt) የሚባለውን የተርሚናል ኢሜይል ፕሮግራም የሚጠቀሙትን ደግሞ ይህ ችግር አይነካቸውም። እዚያ ከፊርማው አድራሻ መጨረሻ ላይ የቧንቧ ምልክት (|) ካደረጋችሁ ስክሪፕቱን ራሱ ያስኬደዋል።

ስክሪፕቱን በተወሰነ ሰዓት በሚያስኬደው በክሮን ጉዳይ ደግሞ ከመመሪያዎቹ ጋር አልስማማም። "0 0 * * *" በሉት ይላሉ፣ በቀን አንዴ ማለት ነው። ያ የኛ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ማሽኔ ጠፍቷል። ቀንም ቢሆን መብራት ሲሄድ ይጠፋል። ክሮን ደግሞ ያመለጠውን ሥራ ተመልሶ አይሠራም። ስለዚህ "*/15 * * * *" ብዬዋለሁ፣ በየ15 ደቂቃው። ስክሪፕቱ ቀኑን ብቻ ስለሚያይ መቶ ጊዜ ቢሄድም ውጤቱ ያው ነው፣ መብራት በመጣ ቁጥርም ራሱን ያስተካክላል። ቀኑን የሚያወጣውን ትእዛዝ ክሮን መስመር ላይ በቀጥታ አትጻፉት። እዚያ % ምልክት ሌላ ትርጉም ስላለው ይቆርጠዋል፣ ስክሪፕት ውስጥ ክተቱት። ስክሪፕቱም ፋይሉ ላይ በቀጥታ ከሚጽፍ መጀመሪያ አጠገቡ ሌላ ፋይል ላይ ይጻፍና ስሙን ይቀይረው። አለበለዚያ ፋይሉ ባዶ በሆነባት ቅጽበት መልእክት ከከፈታችሁ ፊርማው ባዶ ይሆናል።

የበዓሉን ቀን በየዓመቱ እዩት። የፈረንጆቹ ሠግር ዓመት ከመግባቱ በፊት ባለው መስከረም ቀኑ ይገፋል። በ2027 እ.ኤ.አ. እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12፣ መስቀል ሴፕቴምበር 28 ነው። የ2028 ጥምቀት ደግሞ ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። ገና ግን ጃንዋሪ 7 ላይ ይጸናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ተንደርበርድ የፊርማውን ፋይል የሚያነበው አዲስ መልእክት ስትከፍቱ ነው። በጥምቀት ዕለት ጀምራችሁ በማግስቱ የምትልኩት ድራፍት የጥምቀቱን ፊርማ ይዞ ይሄዳል። እኔ እንዲህ ያለውን ድራፍት ጽሑፉን ገልብጬ በአዲስ መልእክት ነው የምልከው።