ስደተኛው ደውሎ አያውቅም

ወንድም ጋሼ አሜሪካ ውስጥ ትራክ ይነዳል። ቀኑን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ብቻውን ስለሚውል ሬዲዮ ያዳምጣል። የሚያዳምጠው ደግሞ ወግ አጥባቂ የሚባሉትን አሜሪካውያን አቅራቢዎች ነው። ደስ ያለውን ክፍል በስልኩ እየቀዳ በቴሌግራም ይልክልኛል። እኔ ደብረ ብርሃን የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። መጀመሪያ የማዳምጠው ለጆሮዬ ልምምድ ብዬ ነበር። አሁን ግን ጉዳዩ ራሱ ይዞኛል። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኩን መስኮቱ ላይ አቆመዋለሁ። የትራኩ ሞተር ያጓራል፣ አቅራቢው ይናገራል፣ መሀል ላይ ወንድሜ "ስሚው! ስሚው እንግዲህ!" ይላል።

ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ባህልና ስለ ስደተኛ ነው። ስለ ትምህርት ሲናገሩ አብዛኛውን እቀበላለሁ። ስለ ስደተኛ ሲናገሩ ግን አልችልም፣ እዘጋዋለሁ። ለምን እንደሆነ ለወንድሜ በስልክ ለማስረዳት ሞክሬ ኔትወርኩ አላስጨርስ ብሎኛል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

እነዚህ ፕሮግራሞች እንዲሁ ከሜዳ አልበቀሉም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ አንድ ደንብ ነበር። ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳይ ካነሱ የሌላውንም ወገን ሐሳብ የማሰማት ግዴታ ነበረባቸው። የመገናኛ ኮሚሽኑ በ1987 ደንቡን ሰረዘው። በዓመቱ ራሽ ሊምቦ የሚባል ሰው ከኒው ዮርክ ለመላ አገሪቱ ማስተላለፍ ጀመረ። በየቀኑ ሦስት ሰዓት፣ እንግዳ እምብዛም ሳይጋብዝ፣ ራሱ እየተናገረና ስልክ እየተቀበለ። ሙዚቃው ወደ ኤፍኤም ስለሄደ ኤኤም ጣቢያዎች የሚያሰሙት አጥተው ነበርና ተሻሙበት። በኋላ ከ600 በላይ ጣቢያዎች ያስተላልፉት ነበር። በ2021 ሞቷል፤ ዛሬ የምንሰማቸው ብዙዎቹ እሱ በጠረገው መንገድ የሚሄዱ ናቸው። ወንድሜ እንደነገረኝ ኤኤም ማታ ማታ ሞገዱ ከላይ እየነጠረ ስለሚመለስ፣ አንዱን ጣቢያ ሳይቀይር ከአንድ ስቴት ወደ ሌላው ይዞት ይሄዳል። ለብቸኛ ሾፌር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የሚያናግረው ሰው አገኘ ማለት ነው።

ትምህርቱን ላስቀድም። እነዚህ አቅራቢዎች ሁሌ የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ ልጅ የወላጅ ነው፣ ስለዚህ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚማር ወላጅ ማወቅም መናገርም አለበት። የፌዴራሉን ትምህርት ሚኒስቴር አይወዱትም። በ1979 በፕሬዚዳንት ካርተር ጊዜ በሕግ ተቋቋመ፤ ሬገን በምርጫ ዘመቻው እዘጋዋለሁ አለ፣ አልዘጋውም፤ ትራምፕ በ2025 መዝጋት የሚያስጀምር ትእዛዝ ፈረመ። እሱ የራሳቸው ጉዳይ ነው። እኔን የሚስበኝ የሰፈሩ ትምህርት ቦርድ ነው። አብዛኛው ቦርድ በነዋሪው የሚመረጥ ነው። በኮሮና ጊዜ ልጆች እቤት በኮምፒውተር ሲማሩ ወላጆች ትምህርቱን ቁጭ ብለው አዩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ የቦርድ ስብሰባው በወላጅ ተጨናነቀ። ሬዲዮው ላይም እናቶች ደወሉ። ልጃቸው ማንበብ እንዳልቻለ፣ ለማን አቤት እንዳሉ፣ ምን እንደተባሉ ራሳቸው ይናገራሉ። አቅራቢው እዚህ ላይ ዝም ብሎ ያዳምጣል። እንዲህ ሲሆን ፕሮግራሙን እወደዋለሁ።

ምክንያቱም እኛ ጋ ይሄ የለም። ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ነው፣ ወይም መዋጮ ሲኖር። ከሞረትና ጅሩ፣ ከመንዝ፣ ከቀወት ልጆች መጥተው ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። ወላጅ በሶና ድርቆሽ ቋጥሮ በአውቶቡስ ይልካል። የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ያን ሰሞን አንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ከኋላ ተነሱ። "ልጄ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲማር አንድ ቀን አልቻለም ያለኝ ሰው የለም" አሉ። "በየዓመቱ አልፏል ተብሎ ካርድ መጥቶልኛል። ታዲያ ማን ነው ያሳለፈው?" መድረክ ላይ ያለው ሰው አጀንዳው ይሄ አይደለም፣ ይቀመጡ አላቸው። ተቀመጡ። እኚህ አባት አሜሪካ ቢሆኑ ኖሮ ያንን ጥያቄ በሬዲዮ ይጠይቁ ነበር፣ አገር ይሰማቸው ነበር። እኔ ከዚህ ፕሮግራም ለአገሬ አንድ ነገር ውሰጂ ብባል የምወስደው ይሄንን ነው። ዛሬ ደግሞ በክልላችን በጦርነቱ ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስንት ልጅ እቤት ቀርቷል። የዚያ ልጅ አባትና እናት ሲናገሩ የሰማንበት ጣቢያ የታለ?

ስለ ባህሉ ጉዳይ ብዙ አልልም። በጾም በጸሎት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ። ፍሎሪዳ በ2022 ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል ስለ ፆታ ዝንባሌና ስለ ፆታ ማንነት ክፍል ውስጥ ትምህርት እንዳይሰጥ በሕግ ስትከለክል አቅራቢዎቹ ደግፈዋል። ለትንሽ ልጅ ምን፣ መቼ እንደሚነገር ወላጅ ይወስን ማለታቸው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2025 እንግሊዝኛ የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ሲባልም አልከፋኝም። የማልወደው የማይስማማቸውን ሰው ሁሉ የአገር ጠላት ሲሉት ነው። ሰውን በጅምላ መፈረጅ ምን እንደሚያመጣ ለሰሜን ሸዋ ሰው አይነገረውም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ምን እንደሆነች አይተናል።

ወደ ስደተኛው ልምጣ።

ወንድሜ አሜሪካ የገባው በዲቪ ነው። የዲቪ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1990 ወጥቶ፣ ቪዛው ከ1995 ጀምሮ ይሰጥ ነበር። በሕጉ በዓመት እስከ 55,000 ነበር። ያን ጊዜ ማመልከቻው በፖስታ ነበር የሚላከው። 12ኛን መጨረስ ወይም የሙያ ልምድ ይጠይቅ ነበር። እሱ 12ኛን ጨርሶ ነበር። ፎቶ ተነስቶ፣ በጥሩ እጅ ጽፎ ላከ፣ ደረሰው። አባባ በግ አረዱ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ላይ አንድ ሰው በተከራየው መኪና ብስክሌት የሚነዱና በእግር የሚሄዱ ሰዎችን ገጭቶ ገደለ። በዲቪ የገባ ነበር። ትራምፕ ወዲያው ዲቪ ይቁም አሉ፣ ሬዲዮውም ቀጠለበት። ወንድሜም "ትክክል ነው፣ አገር በሎተሪ አይገባም" አለኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ አንተስ በምን ገባህ?" አልኩት።

"እኔማ በሕግ ነው የገባሁት። ወረፋዬን ጠብቄ፣ ተመርምሬ፣ ተጠይቄ።"

እውነቱን ነው። በዚህ ላይ አልከራከረውም። አገር እንደ ቤት በር አለው፤ ማን እንደሚገባ የመወሰን መብት የባለቤቱ ነው። ሬገን በ1986 ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ሕጋዊ የሆኑበትን ሕግ ፈረመ። ከዚያም ያለ ፈቃድ የሚገባው አልቀነሰም። ወግ አጥባቂዎቹ "አንድ ጊዜ ተታለናል" የሚሉት ለዚህ ነው፣ ይገባኛል። በ2007 ቡሽ ተመሳሳይ ሕግ ሲያመጣ፣ የራሳቸው ፓርቲ ሰው ሆኖ ሳለ፣ አቅራቢዎቹ አድማጩን ለሴኔት ደውሉ አሉት። ሕዝቡ ደወለ። የምክር ቤቱ የስልክ መስመር ተጨናንቆ አልሠራ አለ፣ ሕጉም ወደቀ። ትሬንት ሎት የሚባለው ሪፐብሊካን ሴናተር አገሪቱን የሚመራት ሬዲዮ ሆኗል ብሎ እስከማማረር ደርሶ ነበር።

እንግዲህ ይሄን ያህል ጉልበት አላቸው። ይሄን ያህል ጉልበት ያለው ሰው ስለ አንድ ሰው ሦስት ሰዓት ሲናገር፣ የሚነገርበት ሰው መልስ መስጠት አለበት። ስለ ትምህርት ሲወራ የተማሪው እናት ትደውላለች። ስለ ግብር ሲወራ ባለሱቁ ይደውላል። ስለ ስደተኛ ሲወራ ግን ወንድሜ በላከልኝ ቅጂ ሁሉ ውስጥ አንድ ስደተኛ ሲደውል ሰምቼ አላውቅም። ጎርፍ ናቸው ይባላል፣ ወረራ ነው ይባላል፣ ወንጀለኛ ናቸው ይባላል። ሥራ ይቀማሉ ይባላል፤ ሥራ አይወዱም፣ ጧሪ ነው የሚፈልጉትም ይባላል። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ የሚጠይቅ የለም።

ቅሬታውን እኔም አውቀዋለሁ። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ደብረ ብርሃን ሲገቡ ከተማው ተቀብሏቸዋል፤ መጠለያዎቹ፣ ቻይና ካምፕ የሚባለውም፣ በሰው ተሞሉ። ቆየት ሲል ማጉረምረም መጣ። ቤት ኪራይ ተወደደ፣ የቀን ሥራ ጠፋ፣ ዘይት ለእነሱ ብቻ ነው የሚሰጠው ተባለ። ባጃጅ ውስጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ኑሮ የከበዳቸው ናቸው። እንደዚያ የምትል ጎረቤት አለችኝ። ያችው ጎረቤቴ ግን ቦኖ ላይ ውሃ ስትቀዳ አንዲት ተፈናቃይ እናት ተዋወቀች። ሴትዮዋ ወለጋ ውስጥ የቡና ማሳና ሁለት በሬ ትታ እንደመጣች ነገረቻት። ከዚያ በኋላ ጎረቤቴ ስለ ኪራዩ አሁንም ታማርራለች፤ ስለ ሰዎቹ ግን እንደ ድሮው አትናገርም። ኪራዩ ውድ ነው፣ እሱ አልተለወጠም። የተለወጠው የምታወራው ከሰው ጋር መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሸዋ ሮቢት በኩል የመጣ ተማሪ ነበረኝ። ጎበዝ አይደለም፣ ሰነፍም አይደለም፤ ዝምተኛ ነው። አንድ ሰኞ ስም ስጠራ አቤት የሚል ጠፋ። በሳምንቱ አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን አምጥቶ ሰጠኝ። በጋዜጣ ተለብዷል፣ ጥጉ እንኳን አልታጠፈም። "የመንግሥት ነው፣ ለመምህርቷ መልስልኝ ብሎ ነው የሄደው" አለኝ። የሄደው በደላላ ነው። በአፋር፣ በጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ያወጣው በዚያው መንገድ ላይ ነው። ልጁ የት እንደደረሰ እናቱም አታውቅም።

አሜሪካ አልሄደም፤ የአሜሪካ ሬዲዮም እሱን አያውቀውም። ግን የሬዲዮው አቅራቢ "ሕግ የማያከብሩ" ባለ ቁጥር እኔ የማስበው ያንን መጽሐፍ ነው። ሳይፈቀድለት ድንበር የሚሻገር ልጅ፣ ከመሻገሩ በፊት የመንግሥት መጽሐፍ መለሰ።

ወንድሜ ይሄን ስነግረው ዝም አለ፣ ከዚያ "እነሱ እንዲህ ያለውን አያውቁም እኮ" አለኝ። ከየት ይወቁ? ማን ነገራቸው?

መስማት በሁለቱም በኩል እየጠበበ ነው። አባባ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ምሽት ሦስት ሰዓት ሲሆን የአሜሪካ ድምፅን አማርኛ ይከፍቱ ነበር። ጓዳ ውስጥ ያለን ሰው ዝም ያሰኙናል። የአማርኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1982 ነው የተጀመረው። ወግ አጥባቂዎቹ ጣቢያው በግብር ከፋዩ ገንዘብ የግራ ዘመሞችን ሐሳብ ያሰራጫል ሲሉ ቆይተው፣ በመጋቢት 2025 በትራምፕ ትእዛዝ ሠራተኞቹ እረፍት ውጡ ተባሉ። አባባ ባትሪው ደክሞ መስሏቸው ሄደው አዲስ ገዙ። ገንዘቡ የአሜሪካ ሕዝብ ነው፣ ማዘዝ ይችላሉ። የጎዱት ግን አሜሪካን ለብዙ ዓመት በበጎ ጆሮ ሲሰሙ የኖሩ ሽማግሌን ነው።

ስለዚህ ወንድሜን ደውል ብዬዋለሁ። ለዚያ ለሚወደው አቅራቢ። መጀመሪያ ስልኩን የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው፣ ምን ልትል ነው ብሎ ይጠይቅሃል፣ ካልተመቸው አያስገባህም አለኝ።

"ስለ ትምህርት ነው በለው" አልኩት። "ውሸት አይሆንም። የምትስማማበትን ቀድመህ ንገረው፣ እኔም እስማማለሁ። ከዚያ በዲቪ እንደገባህ ንገረው። ግብርህን እንደምትከፍል፣ ልጆችህ እዚያው እንደሚማሩ፣ በየቀኑ እሱን እየሰማህ የእነሱን እህል ከስቴት ስቴት እንደምታደርስ ንገረው። ጊዜ ከሰጠህ ስለ ልጁና ስለ መጽሐፉ ንገረው።"

"እየነዳሁ ከሆነ መስመሩ ይቆረጣል።"

"ቆመህ ደውል" አልኩት።