መጀመሪያ ሰፈር፣ ከዚያ ትምህርት ቤት

ስቶክሆልም ተወልደው ያደጉ ሁለት ልጆቻችንን ይዘን አዲስ አበባ ልንገባ ስንል፣ የሚያውቀን ሁሉ ምክሩ አንድ ነበር፦ «መጀመሪያ ትምህርት ቤት ያዙ፣ ቤቱ ይደርሳል።» እኔና ባለቤቴ ገልብጠን አደረግነው። አራት ኪሎ አካባቢ፣ ልጆች የሚርመሰመሱበት ግቢ ውስጥ ቤት ተከራየን። ትምህርት ቤቱን በእግር ከሚደረስባቸው መካከል መረጥን።

በውጭ አገር ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምሩት ሊሴ ገብረማርያም፣ ሳንፎርድ፣ የጀርመን ኤምባሲ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም አሉ። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ለሚመለስ ቤተሰብ እነሱ ናቸው የሚያዋጡት፤ ልጁ ሲመለስ ትምህርቱ አይቋረጥበትም። እኛ ግን ለመኖር ነው የመጣነው። ልጆቹ በአማርኛ ተጣልተው በአማርኛ እንዲታረቁ ነበር የፈለግሁት።

ወረቀቱ ብዙ አላስቸገረንም። ልጆቹ የስዊድን ፓስፖርት ስለያዙ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያቸውን፣ ሰዉ ቢጫ ካርድ የሚለውን፣ ከመነሳታችን በፊት እዚያው ኤምባሲ ጨረስን። እሱን የያዘ ሰው ቪዛም የመኖሪያ ፈቃድም አይጠየቅም። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅም የቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ልጆቹን ሰፈር ማስለመድ ለሚፈልግ ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን የመጣንበት ጊዜ ነው። የስዊድን ትምህርት ቤት ሰኔ ውስጥ ይዘጋል፣ የእኛው መስከረም ይከፈታል። እናቴ «በዚህ ጭቃ ምን አስቸኮላችሁ?» ብላ ነበር። እኔ ግን ሌላ ወር አልመክርም። ክረምት ላይ የግቢው ልጅ ሁሉ ሥራ ፈት ነው። ዝናቡ አባራ ሲል ብይ፣ ቆርኪ፣ ሰኞ ማክሰኞ ነው። ልጆቻችንን ማንም አስተዋውቁን አላለም፤ ሰው ጎድሎ ስለነበር ጠሯቸው፣ በቃ።

ለቡሄ ትልቁ ልጄ ዱላ ይዞ ከልጆቹ ጋር በየቤቱ ዞረ። ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አማርኛውም ያኔ ስብርብር ያለ ነበር። ሥራው ከኋላ ሆኖ «ሆ!» እያለ መቀበል ብቻ ነው። ማታ በረንዳ ላይ ብሩን ሲካፈሉ ግን በመስኮት ሰማሁት። «የእኔስ? እኔም እኮ ጮኬያለሁ!» ይላል። የተሰጠው ትንሽ ነበር፣ ሙልሙሉን ግን እኩል አካፈሉት።

መስከረም ላይ ሦስተኛ ክፍል ገባ። ስዊድንም አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመት ስለሆነ ክፍሉ አልወረደም። የከበደው የአማርኛ ትምህርቱ ነው፤ ያወራል እንጂ አያነብም። አራት ኪሎ ካለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ አንድ አስጠኚ አገኘን። አስጠኚው ጎበዝ ልጅ ነው። የሦስተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ወደ ጎን አድርጎ የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ሰቀለና ከ«ሀ» ጀመረ። ትንሽ ሲለማመድ ደግሞ መንገድ ይዞት እየወጣ የሱቅ ታፔላ ያስነብበው ጀመር። ፋርማሲና ፀጉር ቤት ያላነበበው የለም።

ምሳ ሌላው ነገር ነው። ስዊድን የትምህርት ቤት ምሳ በነፃ ነው፣ እያንዳንዱ የራሱን ሳህን ይዞ ይቀመጣል። እዚህ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው መሃል ላይ ያደርጉና አብረው ይበላሉ። የእኔ ፓስታ መጀመሪያ ነው የሚያልቀው፣ እሱ የሰው ፍርፍር በልቶ ይመጣል። ይሄ ተመችቶኛል።

ያልተመቸኝ ደረጃው ነው። ስዊድን አብዛኛው ትምህርት ቤት እስከ አምስተኛ ክፍል ውጤት እንኳ አይሰጥም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ የመጣ ቀን ጎረቤታችን እማማ «ስንተኛ ወጣህ የኔ ልጅ?» ሲሉት «ከማን?» አላቸው። ግቢው በሳቅ ሞተ። አስተማሪዋን ለዚህ ዕድሜ ደረጃ ምን ያደርጋል ብያት ነበር፤ «ካልጻፍን ወላጅ ይቆጣል» አለችኝ። ማባዣውን እንደ ውሃ ማጠጣታቸውን ግን አልጠላሁትም።

እድር የገባነው በእማማ በኩል ነው። ተከራይ የማይቀበል እድር ስላለ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ለቅሶ ስንደርስ ልጆቹንም ይዘናቸው እንሄዳለን፤ ድንኳን ውስጥ ድምፅ ቀንሶ መቀመጥን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራቸውም።

መሃል ከተማ መኖር ግን ዋጋ አለው። ሰፈራችን አጠገብ ለልማት ሲፈርስ የልጄ ሁለት የቅርብ ጓደኞች ከነቤተሰባቸው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄዱ። ሰሞኑን አኩርፎ ነበር። እድሩ ግን አልፈረሰም፤ የሄዱትም ወር በገባ እሁድ መዋጮ ሊከፍሉ ይመጣሉ። ልጆቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ለምነናል፣ ምሳው እኛ ቤት ነው።