በአቦል ተመሥርቶ በበረካ የፈረሰው ቡድን

ዛሬ ግቢያችን ውስጥ አንድ የአዝማሪ ቡድን በአቦል ተመሠረተ፣ በቶና ገነነ፣ በበረካ ፈረሰ።

አባላቱ የጎረቤቴ ልጆች ናቸው፤ ወንድምና እህት። ማሲንቋቸው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ የመጥረጊያ እንጨትና የጆንያ ክር ነው። እሱ ይመታል፣ እሷ ትዘፍናለች።

ከመጀመራቸው በፊት ልጁ ከረከቦቱ አጠገብ ዕጣን ቆንጠር አድርጎ ወሰደና ደጋኑን በጥንቃቄ አሸው። በጣም ነው የገረመኝ። እውነተኛ አዝማሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዕጣን ካልነካው የደጋኑ ጭራ ይንሸራተታል እንጂ ድምፅ አያወጣም።

"ማን አሳየህ?"

"ሰርግ ላይ አየሁ።"

አንድ ጊዜ ብቻ!

እህቱ ደግሞ እማማን አየት አድርጋ እንዲህ አለች፦

ቡናው ፈልቶ ፈልቶ ቶና ላይ ደረሰ፣
የኛ ድርሻ ቆሎ ለምን ነው ያነሰ?

እማማ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቆሎ ጨመሩ፣ 20 ብርም ሸለሙ።

ያቺ 20 ብር ናት ያፈረሰቻቸው። እሱ "ማሲንቆው የኔ ነው" አለ። እሷ "ግጥሙ የኔ ነው" አለች። ሲጓተቱ ክሩ ተበጠሰ። ክራር ቢሆን አምስት ስድስት ክር አለው፤ ማሲንቆ ግን ያለው ያው አንድ ነው።

የአዝማሪ ልጅ አባቱን እያየ ነው ሙያውን የሚለምደው። እነዚህ ቤታቸው አዝማሪ የለም። አንድ ሰርግ ይህን ካስተማራቸው፣ ጠጋ ብሎ የሚያሳያቸው ሰው ቢያገኙ የት ይደርሱ ነበር? ቀኑን ሙሉ ይህንን ሳስብ ዋልኩ።

አመሻሹ ላይ በሬ ተንኳኳ። ሁለቱም ቆመዋል።

"ጋሼ፣ የፈረስ ጭራ የት ይገኛል?"